በረኛው በሐልዋ ቆርቆሮ ውስጥ

ማስቲካው ያልቃል፣ ካርዱ ግን ይቀራል።
ከጅቡቲ በባቡር፣ በነጋዴ ሻንጣ ሆድ ያድራል፣
ሲነጋ ለገሃር ወርዶ በስሙኒ ይቸረቸራል፤
ሣር ላይ የቆመ ፈረንጅ፣ ፀጉሩ በቅባት የተኛ፣
ስሙን ማን አንብቦት! «ቀዩ» ነበር የምንለው እኛ።

ገንደ ቆሬ ሙሉ ቀዩን ሲለዋወጥ፣ ሲጣላ፣ ሲማማል፣
የኔ ልብ አቴልዬው ግንብ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፤
የባቡር ጥገናው ቡድን፣ እስከ ቀትር ብረት ቀጥቅጦ፣
ከቀትር በኋላ የሚጫወት፣ በደቻቱ አሸዋ ሰምጦ፣
ቢጫ ማሊያው ላይ የግራሶ እድፍ፣
ሲያሸንፍ በመከራ፣ ሲሸነፍ በሰልፍ።

ለነሱ ማን ካርድ ያትማል?
ማንስ ማስቲካ በስማቸው ይጠቀልላል?
እኔ ነኝ ያተምኩት።
ከዚራ፣ የሙሴ ቫርታንን ፎቶ ቤት ደጅ እየጠረግሁ፣
ለመታወቂያ ተነስተው የተበላሹትን ከቅርጫት ለቀምሁ፤
ዓይኑ የተጨፈነ፣ ግንባሩ የተቆረጠ፣
ሊያስነጥስ ሲል ብልጭታው የቀደመው፣ ጥርሱ የገጠጠ።
በሲጋራ ካርቶን፣ በዱቄት ሙጫ ለጠፍኳቸው፣
ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ቁጥርና ቁመት ሰጠኋቸው፣
ያላገቡትን ግብ እንኳ፣ እጄ ሳይቆጥብ፣ ጨመርኩላቸው።

ኢብሳ ሒርጳ፣ ሰባት ቁጥር፣ ብየዳ ክፍል። አርባ ግብ። በእውነቱ ዘጠኝ።
ዘርጋው፣ ተከላካይ፣ ፎቶው ተንቀጥቅጦ ሁለት አፍንጫ ያወጣብኝ።
እንዲህ እንዲህ እያለ አሥሩ ሞላ። በረኛው ጎደለ።
ጉሌድ ዋበሪ ካሜራ ካየ መንገድ ይቀይራል፤
«ኳሷን እይ አቦ! ፊቴን ምን ልታደርገው?» አለ።

የረምዚ አጎት ቢሮ ነው የሚሠራ። ከቅጥር ቅጽ ላይ ተገንጥላ
አንዲት ጉርድ ፎቶ መጣች፣ የማኅተም ግማሽ ጉንጩ ላይ አዝላ።
ዋጋዋ? አርባ ሦስት ፈረንጅ። አንድ በአንድ ቆጥሬ ሰጠሁ፣
ሐልዋ ቆርቆሮዬን አቅፌ ያን ሌሊት እንደ ባለጸጋ ተኛሁ።

በዓመቱ ጉሌድ በዕቃ ባቡር ወደ ባሕሩ ወረደ።
አልተመለሰም። ኋላም ባቡሩ ራሱ ቆመ፣ ሐዲዱ ሣር ለመደ።

አሁን ታይዋን ገበያ ስልክ እጠግናለሁ።
ባለፈው ሐሙስ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ አንዲት ሴት መጣች፤
የተሰበረ ስልክ የላትም። «ሆዳን ጉሌድ እባላለሁ» አለች።
«የአባቴ ፎቶ አንተ ጋ አለ አሉኝ። እኛ ቤት አንድም የለ።
ሲሄድ ገና አልተወለድኩም፤
መልኩን እናቴ በነገረችኝ ልክ ነው የማውቀው።»

ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ጣቴ ካርዱን አልለቅ አለ።
አሥር ሊቀሩ ነው፣ አልኩ በሆዴ፤
አሥር ሰው ቡድን አይሆን።
«ቆይ፣ ኮፒ ላስደርግልሽ።» ጎረቤት ነው፣ ቅርብ ነው።
ማሽኑ አጥቁሮ፣ አደብዝዞ፣ ጉሌድን ወረቀት ላይ ተፋው።

ብርሃን ላይ ያዘችው።
«ጠባሳ ነበረው እንዴ፣ ጉንጩ ላይ?
እናቴ ይህን አልነገረችኝም።»
ማኅተም ነው ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ስለ ኦሪጅናሉ እንዳትጠይቀኝ
ብዬ መልሼ ዘጋሁት።
ወረቀቱን ሳታጥፍ፣ እንደ ትኩስ ሳህን በሁለት እጇ ይዛ፣
ባጃጅ ጠርታ ሄደች።

ማታ ካርዶቹን ደረደርኩ። አሥራ አንድ። ሙሉ።
ሁሉም ያዩኛል፣ ዓይናቸው የተጨፈነው እንኳ ሳይቀሩ።
ለኢብሳ ሠላሳ አንድ ግብ የመረቀ እጅ
ለአንዲት ልጅ አንድ ፊት ሰሰተ።
አልሰሰተም ብቻ፣ ጠባሳ ጨመረበት።

ረምዚ ጋ ደወልኩ። «ቤቷ ገንደ ገራዳ ነው፣ መስጊዱን አለፍ ብሎ» አለኝ፤
«ምነው፣ ዕዳ አለብህ?»

ቆርቆሮው ጠረጴዛዬ ላይ ነው።
ክዳኑን አልገጠምኩትም።